በገዛ አፌ እነግራታለሁ

እኔ ቤት ኮረሪማ አይገባም። በርበሬ ሲሰናዳ ኮሰረቱም፣ በሶብላውም፣ ጥቁሩም ነጩም አዝሙድ ተራቸውን ጠብቀው ይገባሉ፤ ኮረሪማ ግን ደጅ ይቀራል። መካነ ሰላም ውስጥ የሚያውቁኝ ሁሉ ይህን ያውቃሉ። «የእሷ ወጥ ሁሉ ነገር አለው፤ አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል» ይላሉ። እየጎረሱ ነው ታዲያ እንዲህ የሚሉት። እኔም «ያልጣመው ሳህኑን ይመልስ» እላቸዋለሁ፤ እስካሁን የመለሰ የለም።

ባለፈው የገበያ ቀን የልጄ ሚስት ይህን ሕግ አፈረሰች። አዲስ ሙሽራ ናት፤ ከደጎሎ ካመጣናት ገና ሦስት ወሯ ነው፤ የቤቱን አመል ጨርሳ አላወቀችም። በረንዳ ላይ ምስር እየለቀምኩ ሳለ ዘንቢሏን ይዛ በአጠገቤ ስታልፍ ሽታው ከእሷ ቀድሞ ደረሰኝ። ጭስ ጭስ የሚል፣ ጣፋጭ፣ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ አልወጣም የሚል ሽታ ነው። እጄ ሰፌዱ ላይ ቆሞ ቀረ።

«እማማ፣ ምነው? አመመዎት እንዴ?» አለችኝ።

«ደህና ነኝ። ዘንቢልሽ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

አወጣችና አሳየችኝ። በክር የተሰካ ኮረሪማ ነበር፤ የደረቀ፣ ቡናማ፣ አንገት ላይ ቢጠለቅ ደረት የሚደርስ። ልጅቱ ደስ ያሰኘችኝ መስሏት ፈገግ ብላ ነበር። በረንዳው ላይ እንድታስቀምጠው ነገርኳትና ምስሩን ተውኩት። እሷ ጓዳ ገብታ ሥራዋን ቀጠለች። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ልቤ እዚያ ቤት አልነበረም።

እንግዲህ ከሥሩ ልጀምርላችሁ፤ አለዚያ ነገሩ አይያያዝላችሁም።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ አስር ዓመቴ ነበር። ቤታችን ወግዲ ነበር፤ አባቴ ሁለት በሬ ነበረው። አንዱ ሞተ፤ ሁለተኛውን ሳይሞት አረድነው። እሱም ሲያልቅ «ሰፈራ» የሚባል ነገር መጣና እኔን፣ እናቴንና አባቴን በመኪና ጭኖ ኢሉባቦር ወሰደን። ደገኛ ሰው ሰማይ እያየ ያደገ ነው፤ እዚያ ግን ሰማዩን ዛፍ ሸፍኖታል። ዝናቡ አንዴ ከጀመረ አያባራም፤ ልብሱም እህሉም ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። አባቴ «ድርቅ ሸሽተን መጥተን ውኃ ሊበላን ነው» እያለ ይስቅ ነበር። በማይሳቅበት ነገር ሁሉ የሚስቅ ሰው ነበር።

የአገሬው ሰው የሚናገረው ኦሮምኛ ነው። እኔ ምንጭ ከሚወርዱት ልጆች ጋር እየተጫወትኩም እየተጣላሁም ዓመት ሳይሞላ አፌን ፈታሁ። አባቴና እናቴ ከሰላምታ አላለፉም። ስለዚህ የቤታችን አፍ እኔ ሆንኩ። ጨው የምለምነው እኔ፣ የጎረቤት ፍየል ጎመናችንን ስትበላ የምከራከረው እኔ፣ የቀበሌው ሰው ሲመጣ መሃል የምቆመው እኔ። አባቴ በስሜ መጥራቱን ትቶ «ምላሴ፣ ነይ እስቲ» ይለኝ ነበር። እኔም ከእኩዮቼ ሁሉ በላይ የሆንኩ መስሎኝ እንቀባረር ነበር።

በሁለተኛው ዓመት አባቴን ወባ ጣለው። ጎረቤቶቻችን በቃሬዛ ተሸክመው ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ክሊኒክ ወሰዱት። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ እናቴ ደጃፍ ቆማ በቆሎ ስትወቅጥ፣ ወተት የሚሰጡን ሽማግሌ ከሚስታቸው ጋር መጡ። ሽማግሌው እኔን እያዩ ብዙ ነገር አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «እናትሽን አስቀምጫት፣ እኛ በግራና በቀኝ እንያዛት፣ ቀስ ብለሽ…» የሚል እንደነበረበት የገባኝ ኋላ ነው። ያን ጊዜ ከዚያ ሁሉ ንግግር ጆሮዬ የያዘው ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ «አባንኬ ዱኤ»፣ አባትሽ ሞቷል። እኔም እንደለመድኩት ዞር ብዬ ነገርኳት።

«አባባ ሞቷል ይላሉ።»

የእናቴ ክንድ ከነዘነዘናው ወደ ላይ ተነስቶ ነበር። ዘነዘናው ሙቀጫውን ስቶ እግሯ ላይ ወረደ። ሁለት ጣቶቿ ተሰበሩ፤ እስክትሞት ድረስ በዚያ እግሯ ስታነክስ ኖራለች።

እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ ጎህ ሲቀድ ይመጣል፤ ባለመርዶው እህል ቀምሶ ማደሩ አስቀድሞ ይጠየቃል፤ የሚደግፈው ሰው በአጠገቡ ይቆማል። መጀመሪያ «አሞታል» ይባላል። ከዚያ «ጠንቶበታል» ይባላል። ሰውየው ራሱ ሲደርስበት ነው ጩኸቱ የሚወጣው፤ «ሞተ» የሚለውን ቃል ከማንም አፍ ላይሰማው ይችላል። እኔ የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ብቻዬን ቆሜ፣ በቀን፣ ባልበላ ሆዷ፣ ዘነዘና እንደያዘች ነገርኳት።

እናቴ አልመታችኝም። መምታት እንኳ ይሻል ነበር። አርባው ካለፈ በኋላ እግሯን በጨርቅ ጠቅልላ እንደተቀመጠች ጠራችኝ።

«አንች ልጅ፣ ያልሽው እውነት ነው። ግን ሰው መርዶ እንዲህ አይረዳም። ሁለተኛ የሰው ሞት ከአፍሽ እንዳይወጣ። በአባትሽ አጥንት ማይልኝ።»

በአባቴ አጥንት ማልኩላት።

ከዓመት በኋላ፣ ጥቂቱን በእግር፣ ጥቂቱን በጭነት መኪና፣ እየለመንን ወሎ ገባን። የወግዲ መሬታችን ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ስለነበር መካነ ሰላም ቀረን። እናቴ ጥጥ እየፈተለች እየሸጠች ትምህርት ቤት አስገባችኝ። ልጆቹ «ሰፈራ» የሚል ስም አወጡልኝ። ኦሮምኛዬን ማንም አልፈለገውም፤ እኔም እንደ አሮጌ ልብስ አጣጥፌ አስቀመጥኩት። አንዳንድ ጊዜ ብቻዬን ስሆን የጎረቤታችንን ላም በኦሮምኛ እሰድባት ነበር፤ ቅር አላላትም።

አስራ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ጦርነቱ እኛም ዘንድ ደረሰ። ከሩቅ ሲሰማ እንደ ክረምት ነጎድጓድ ነበር፤ ሰው ሰማዩን ያይና ጥርት ብሎ ሲያገኘው አንገቱን ይደፋል። ትምህርት ቤታችን ተዘጋ። ሁለት ክፍሎች ውስጥ ገለባ ተጎዝጉዞ የመንግሥት ቁስለኞች ተኙበት። መራመድ የሚችሉት ከጦሩ ጋር ሄዱ፤ የማይችሉት ከደሴ መኪና እስኪመጣላቸው እዚያው ቀሩ። የሚያክማቸው የከተማችን ድሬሰር ብቻ ነበር፤ ሽበታም፣ ዝምተኛ ሰው፣ በፊት ነጭ የነበረ ጋዎን የሚለብስ።

አንድ ቀን ጠዋት ድሬሰሩ ቤታችን መጣ።

«እመት፣ ልጅሽን ለአንድ ሰዓት አውሽኝ» አላት እናቴን። «አንድ ኦሮሞ ወታደር አለ። የሚለውን የሚሰማው የለም።»

«ጋሼ፣ ሴት ልጅ ወታደር መሃል ልልክ?»

«ወታደር አልኩሽ እንጂ ልጅ ነው። ቀና ማለትም አይችል።»

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እንዝርቷንና ጥጧን ይዛ፣ እያነከሰች አብራን መጣች። እዚያ ስንደርስ በሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና መፍተል ጀመረች። እኔ ገባሁ። የራሴ ክፍል ነበር፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የመጨረሻው ቀን የሒሳብ ትምህርት ሳይጠፋ እንዳለ ነበር። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ገለባው ላይ አርፎ ሰዎቹን ሁሉ ቢጫ አድርጓቸዋል። ሽታውን አልነግራችሁም። ግን ከዚያ ሽታ ሥር ሌላ ሽታ ነበር፤ ከየት እንደመጣ መጀመሪያ አላወቅኩትም፤ ብቻ ኢሉባቦር ያለሁ መሰለኝ።

ልጁ ሰሌዳው ሥር ነበር። አስራ ዘጠኝ ቢሆነው ነው፤ ጢሙ ገና አልሞላም። ጭኑ ላይ ተመትቶ ቁስሉ ወደ ላይ እየሄደ ነበር። ድሬሰሩ ጎንበስ ብሎ በለሆሳስ «ተኛ፣ ተኛ ልጄ» አለው። ልጁ ክው ብሎ በሆዱ ለመገልበጥ ታገለ፤ በሕመም ጮኸ። ሦስት ወር ሲያሠለጥኑት ከአማርኛ የገባው ትእዛዙ ብቻ ነበር፤ ተነስ፣ ተኛ፣ ዙር፣ ተኩስ። በደግነት የተባለውን «ተኛ» ጥይት የመጣ መሰለው።

አጠገቡ ተንበርክኬ «ነጋ ቡልቴ?» አልኩት። ሰላም አደርክ ማለት ነው።

ዓይኑን ጨፈነ። እንባው በሁለቱም ጎን ጆሮው ውስጥ ሲገባ አየሁ። ከዚያ አራት ወር ሙሉ ያጠራቀመውን ባንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ፤ እኔም የረሳሁት ቋንቋ ከየተደበቀበት እየወጣ ይመጣልኝ ጀመር።

የኢሉባቦር ልጅ ነው፤ ወታደር ለመሆን የወጣ አልነበረም። እናቱ ኮረሪማ በክር ሰክታ፣ ጭስ ላይ አድርቃ፣ «ሽጠህ ጨው ይዘህልኝ ና» ብላ ገበያ ላከችው። ገበያው መሃል አፈሳ ሆነ። ከጎረምሶች ጋር መኪና ላይ ጫኑት። ኮረሪማው ተበተነ፤ አንድ ክር ብቻ አንገቱ ላይ አጥልቆ ከሸሚዙ ሥር ደበቀው። አውጥቶ አሳየኝ። ለካ ያ ሽታ የዚህ ነበር።

«እናቴ እስካሁን ገበያ ሄጄ የቀረሁ ነው የሚመስላት» አለኝ። «ወንዝ ወሰደው ትል ይሆናል። ጅብ በላው ትል ይሆናል። ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም።»

ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ውኃ ሲፈልግ፣ ሲያመው፣ ሲበርደው፣ ለድሬሰሩ እኔ ነበርኩ የምነግርለት። «ኦቦሌቲ» ይለኝ ነበር፤ እህቴ ማለት ነው። የቁስሉ ሽታ እንዳያስጨንቀኝ ብሎ አንዲት ፍሬ ኮረሪማ ከክሩ አውጥቶ ሰጠኝ። «ይህን እያሸተትሽ ቁጭ በይ» አለኝ። ሌሎቹን ቁስለኞች በእኔ እያስተረጎመ ያስቃቸው ነበር። በመስኮቱ አሻግሮ ሜዳውን ያይና «እናንተ አገር ዛፍ የለም፤ ሰው ማልቀስ ሲፈልግ የት ገብቶ ነው የሚያለቅሰው?» ብሎ ጠየቀኝ። ተርጉሜ ስነግራቸው ከጥግ የተኛ እግር የሌለው አስር አለቃ «እኛማ በሰው ፊት ነው የምናለቅሰው በይው» አለ። ሁሉም ሳቁ። ይህን እስከ ዛሬ ሳስታውስ ፈገግ እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ፈገግታዬ ያስጠላኛል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ድሬሰሩ ፋሻውን ፈትቶ ቁስሉን አየና መልሶ ሸፈነው። ወደ ውጭ ጠራኝ። ባንዲራ የሚሰቀልበት እንጨት ሥር ቆመን ከደብተር የተቀደደ ወረቀትና እስክርቢቶ ሰጠኝ።

«ልጄ፣ ይህ ልጅ ነገን አያያትም። መርዙ ሆዱ ገብቷል፤ እጄ ላይ ያለው መድኃኒትም አልቋል። ልቡን ሳይስት ገብተሽ ንገሪው። አገሩን፣ ወረዳውን፣ የአባቱንና የእናቱን ስም ጻፊ። ሃይማኖቱን ጠይቂው። የሚናዘዘው ካለው ጻፊ። እኔ ቋንቋው ቢኖረኝ አንችን ለዚህ አልልክም ነበር።»

«ልሞት ነው ወይ ቢለኝስ፣ ጋሼ?»

«አትዋሽው» አለኝና ወደ ሌሎቹ ሄደ።

በሩ ላይ በእናቴ አጠገብ አለፍኩ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ፊቴ ላይ የሆነ ነገር አይታ ነው መሰለኝ እንዝርቷ ቆመ። ያ የምታነክስበት እግሯ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ያን እግር አይቼ ነው የገባሁት።

ልጁ ወረቀቱን ቀድሞ አየው። ከድሬሰሩ ፊትም የሆነ ነገር ሳያነብ አልቀረም።

«ኦቦሌቲ፣ ዱጋ ነቲ ሂሚ» አለኝ። እህቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ ነው። «ምን አለሽ? እሞታለሁ?»

ሁሉም ሰው የሚያየን መሰለኝ። ከቁስለኞቹ መሃል የሚሰማን ግን አልነበረም። ድሬሰሩ ቢቆም እንኳ አይሰማንም። እኔ የምለውን የሚያርም፣ «የለም፣ እንዲህ አላልኩም» የሚል ሰው ምድር ላይ አልነበረም። ያን ያህል ብቸኛ የሆንኩበት ቀን የለም። ቃሉ አፌ ላይ መጣ። የማውቀው ቃል ነው፤ በአስራ አንድ ዓመቴ ጆሮዬ የያዘው ያው ቃል። ዘነዘናው ሲወርድ ታየኝ።

«አትሞትም» አልኩት። «ቁስሉ እየደረቀ ነው አለ። ነገ መኪና ይመጣል፤ ደሴ ትልቁ ሆስፒታል ይወስዱሃል።»

«ወረቀቱስ?»

«የመድኃኒት ነው።»

ተነፈሰ። እንዲህ ያለ ትንፋሽ ሰምቼ አላውቅም፤ ትከሻው ሁሉ ወረደ።

«ልሞት ከሆነ ለእናቴ የምትጽፊልኝ ነገር ነበረኝ» አለኝ። «አሁን ግን ተይው። ወረቀት ሲመጣላት ሰው ጠርታ እስክታስነብበው ልቧ ይቆማል። ከዳንኩ፣ በገዛ አፌ እነግራታለሁ።»

«አሁንም ጻፍ ካልከኝ እጽፋለሁ» አልኩት። ያን ማለቴን አስታውሳለሁ። በዚያ ጊዜ ለራሴ ማምለጫ እየፈለግኩ ነበር።

«የለም፣ የለም። የአፍ ነገር ነው፤ ለወረቀት አይሆንም።»

ያን ቀን ደስተኛ ነበር። እናቴ ያመጣችለትን ዳቦ ሁለት ጊዜ ጎረሰ። እናቱ ስታየው እንዴት እንደምትሆን ነገረኝ፤ መጀመሪያ በቆመጥ ልታሯሩጠው ነው፣ «ጨዬስ?» ልትለው ነው፣ ከዚያ ነው የምታለቅሰው። አስር አለቃውን ሳይቀር ሰላም በይልኝ አለኝ። ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ጥቂት ቆይቶ ድሬሰሩ መጥቶ እጁን ያዘና ሳይለቀው ቆየ፤ ከዚያ ብርድ ልብሱን ፊቱ ላይ ሳበው።

«ወረቀቱን» አለኝ።

ሰጠሁት። አየው፤ ገልብጦ ጀርባውንም አየው። ምንም አልተጻፈበትም።

«ሃይማኖቱንስ?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ሃይማኖቱን መጠየቅ ሞቱን መንገር ነበራ! የሚድን ሰው ሃይማኖቱን ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ?

ቢቆጣኝ፣ ቢጮህብኝ እመኝ ነበር። እሱ ግን «እሽ» ብቻ አለና ወረቀቱን በአራት አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ያ «እሽ» እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

አንገቱ ላይ ከኮረሪማው በቀር ማተብም ክታብም አልነበረም። ስሙን ነግሮኛል፤ ግን ለክርስቲያንም ለእስላምም የሚወጣ ዓይነት ስም ነው። ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ቆመው ተመካከሩ። ቄሱ «ሳላውቅ ቤተ ክርስቲያን ላስገባው አልችልም» አሉ። ሼሁም «እኔም ሳላውቅ ከሙስሊም መቃብር ላኖረው አልችልም፤ ግን የሰው ልጅ ነው» አሉ። መጨረሻ ላይ በትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ባሕር ዛፉ ሥር ተቆፈረለት። ቄሱ በራስጌው ጸለዩ፤ ሼሁ በግርጌው ዱዓ አደረጉ። «ያ ረቢ፣ አንተ ታውቀዋለህ» አሉ ሼሁ፤ ቄሱም «አሜን» አሉ። በአገራችን ደግ ነገር አይጠፋም። ያን ቀን ግን ያ ሁሉ ደግነት ያስፈለገው እኔ አንድ ጥያቄ ስላልጠየቅኩ ነው።

ድሬሰሩ ኮረሪማውን ለእኔ ሰጠኝ። ሌላ የሚሰጠው ሰው አልነበረም።

ቤት ስንገባ ለእናቴ ነገርኳት። መጀመሪያ «ደግ አደረግሽ» አለችኝ፤ «ሳይደነግጥ ሄደ።» እኔም ትንሽ ቀለል አለኝ። ከዚያ ስለ ገበያው፣ ስለ ጨው፣ «በገዛ አፌ እነግራታለሁ» ስላለው ነገርኳት። እንዝርቷን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«እናቱ አገሯ የት ነው?»

«ኢሉባቦር።»

«ኢሉባቦር የት?»

«አልጠየቅኩትም፣ እማ።»

ለረጅም ጊዜ ያን የተሰበረ እግሯን ስታሽ ቆየች።

«እኔ እግሬ ተሰበረ እንጂ አወቅኩ» አለች በመጨረሻ። «አልቅሼ እርሜን አወጣሁ። እሷ ምን ታውቃለች? ገበያ የላከችው ልጅ ነው። በየገበያው ቀን መንገድ መንገዱን ስታይ ልትኖር ነው።» ከዚያ ዓይኔን ሳታይ፣ «አፍሽን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለችኝ።

እኔ ግን አፌ የራሴ እንደነበር አውቃለሁ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በለቅሶ ድምፅ ነቃሁ። እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ደጃፍ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ኮረሪማው ፊት ለፊቷ ነው። የልጁን ስም እየጠራች፣ «ጨዬን ሳታመጣ፣ ልጄ፣ ጨዬን ሳታመጣ» እያለች ደረቷን ትመታለች። ጎረቤቶች ደንግጠው ሮጠው መጡ። «ማን ሞቶባችሁ ነው?» ሲሉ እኔ ነበርኩ የነገርኳቸው፤ አንዲት እናት ሩቅ አገር ሳትሰማ ልጇ ስለሞተባት እናቴ በእሷ ፈንታ እያለቀሰችላት ነው አልኩ። ያኔ ጦርነቱ ሰው ያልወሰደበት ቤት አልነበረም። ሴቶቹ አንድ በአንድ ተቀመጡ። እያንዳንዷ የራሷን ሟች ስም እየጨመረች አለቀሰች። ሦስት ቀን ተቀመጥን።

ሰላም ከሆነ በኋላ ወደዚያ የሚሄድ የጭነት ሹፌር ባገኘሁ ቁጥር እጠይቅ ነበር። ኮረሪማ የምትሸጥ፣ አንድ ልጅ የነበራት፣ ልጇ ገበያ ሄዶ የቀረባት። ሹፌሮቹ ያዝኑልኛል፤ «እህቴ፣ ኮረሪማ የማይሸጥ፣ ልጅ ያልታፈሰበት ቤት እዚያ የት አለ?» ይሉኛል። እናቴ ስትሞት ኮረሪማውን ከመግነዟ ጋር አድርጊልኝ አለችኝ። ሽታው ጠፍቶ፣ ፍሬው እንደ ጠጠር ደርቆ ነበር። አደረግኩላት። ከዚያ ወዲህ ነው ኮረሪማ ቤቴ የማላስገባው።

አሁን ኦሮምኛውም እየከዳኝ ነው። የሚናገረኝ ስለሌለ ከዓመት ዓመት ቃሉ ይረግፋል። የልጄ ሚስት ስልኳ ላይ ቋንቋ የሚተረጉም ነገር አላት። የዚያን ቀን ሻይ ይዛልኝ ስትመጣ «እስቲ ‹ልትሞት ነው› የሚለውን ወደ ኦሮምኛ በይልኝ» አልኳት። ደነገጠች፤ ግን እሽ ብላ ነካካችው። ስልኩ ወዲያው ተናገረ፤ ምንም አላፈረም፣ ምንም አልፈራም። ለእንዲህ ያለ ሥራ የእኔ ዓይነት ሰው አያስፈልግም ነበር ማለት ነው። ግን ደግሞ ያ ልጅ ያን ቀን የተነፈሰውን ትንፋሽ አስባለሁ። ሰላሳ ዓመት አልፎኛል፤ የትኛው እንደሚሻል ዛሬም አላውቅም።

«እማማ፣ ኮረሪማውን ልጣለው?» አለችኝ ልጅቱ። ጎረቤት ነግሯት ኖሯል።

«ተይው። ምሰሶው ላይ ስቀይልኝ» አልኳት።

ሰቀለችልኝ። አሁን ስነግራችሁ ሽታው እዚህ ድረስ ይመጣል።

ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስቆም ከሙታኔ ስም መሃል የእሱንም እጠራለሁ፤ ሃይማኖቱን እግዜር ያውቃል። ለእናቱ የምጸልየው ግን ሌላ ነው። በሕይወት ካለች ሰማንያውን አልፋለች፤ እስካሁንም መንገድ መንገዱን ታያለች። እድሜ ስጣት ብዬ አልጸለይኩላትም። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ በዓይኔ ያላየኋት ሴት እንድትሞት ነው የምለምነው። ከሞተች አግኝታዋለች። እንዳለውም፣ በገዛ አፉ ነግሯታል።